ቅርጫት የተሸከመችው ሴት እግሮች

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር፣ እሱ ቆሞ ሲያይ እኔ ቅርጫት መሸከሜ ነው።

ቅርጫቱ ገለባ የምናግዝበት አሮጌ ቅርጫት ነበር። የድንጋይ ስብርባሪ እስከ ግማሹ ሞላበትና በገመድ ከጀርባዬ ላይ አሰረልኝ። ከትምህርት ቤት መመለሴ ስለነበር የጠመኔው ብናኝ ገና ከእጄ አልለቀቀም። ወሩ ጥቅምት ነው።

«እንደሱ አትቁሚ» አለኝ። «ባዶ ቅርጫት የተሸከምሽ ነው የምትመስይው።»

«ሞልተኸው የለም እንዴ?»

«ግማሽ ነው። ሙሉ ብጭንብሽ እናትሽ ከመቃብር ተነስታ ትመጣብኛለች።»

ሳቅሁ።

«አትሳቂ፣ ትከሻሽ ይነቃነቃል።»

ግራ እግሬን ወደ ፊት አድርጌ፣ ክብደቱን በቀኙ ላይ ጥዬ ቆምሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ እግሬን አየ፤ ተነሳ፤ ደግሞ ጎንበስ አለ። አደባባዩ መሐል በሚጠርበው የሐውልት ድንጋይ ላይ በከሰል ሁለት መስመር አሰመረ። ከዚያ ሳል ያዘው። የቆየ ሳል ነበር። ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ሁሉ ይስላል፤ እሱም እኔም መስማት ትተነዋል። «ይበቃል፤ እግሩን ነገ እጀምራለሁ» ብሎ ቅርጫቱን አወረደልኝ። ቤት ገብተን ሽሮ በላን፤ ስለሚያፈሰው ቆርቆሮ አወራን። ሌላ የተነጋገርነው ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። የለም።

በማግስቱ አልተነሳም። በስምንተኛው ቀን ሞተ።

ሥራው ድንጋይ መጥረብ ነበር፤ ደረጃ፣ የመስኮት ደፍ፣ የመቃብር ድንጋይ። ማንበብ አይችልም። እኔ ፊደል የለየሁት ከአባቴ ነው። አባቴ በደብሩ የሚያስተምሩ ካህን ስለነበሩ ከወንዶቹ ተማሪዎች ኋላ ተቀምጬ እየሰማሁ ለቀምሁት፤ ኋላም የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆንሁ። ስለዚህ በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚጻፈውን እኔ በወረቀት በትልቁ እጽፋለሁ፤ እሱ ወረቀቱን እያየ ይቀርጻል። «ያንቺ ጽሑፍ በየደብሩ አለ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም» ይለኝ ነበር። እያነበብሁለት እንኳ እንደዚያ ይል ነበር።

ሐውልቱ የመጣው ከማዘጋጃ ቤት ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጣው መንገድ ከተማ በሚገባበት አደባባይ ላይ ከተማችንን የሚገልጽ ነገር ይቁም ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ኮሚቴ የማይቋቋምለት ነገር አልነበረም። ባጃጆች ገና መግባታቸው ነው፤ በየጥጉ ሆቴል ይሠራል፤ ሌሎች ከተሞች በአደባባያቸው ያቆሙትን ያዩ የኛ ሰዎች ቀንተዋል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርሁ።

ባለቤቴ የከተማችንን ቤተ ክርስቲያኖች ከአለት የፈለፈሉት ሰዎች ይቁሙ አለ። ከኮሚቴው አንድ ሽማግሌ ካህን ነበሩ፤ ወዲያው ተነሱ።

«መላእክቱስ?» አሉ። «ቀን ሰው የጠረበውን ያህል ሌሊት መላእክት ሲጠርቡ እያደሩ አይደለም ወይ ያለቀው? ይህን የማያውቅ ሕፃን አለ?»

«አባ፣ መላእክቱ የሚሠሩት ማታ ነው» አለ ባለቤቴ። «እኔ የምጠርበው የቀኑን ፈረቃ ነው።»

ሰው ሳቀ። ካህኑም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ያን ጊዜ የሲሚንቶ ሥራ የሚሠራው ግንበኛ ከኋላ ሆኖ፣ «እሱ ሁለት ሰው እስኪጠርብ ዓመት ይፈጃል፤ ለኔ ስጡኝና በወር ሦስት ሰውና አንድ በቅሎ አቆምላችኋለሁ» አለ።

«ክረምት ሲገባ ጭራዋ የሚረግፍ በቅሎ» አለው ባለቤቴ። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እንዲህ ናቸው። አንድ ባለሙያ ዘንድ ድንጋይ መጥረብ ተምረው፣ ግንበኛው በኋላ ወደ ሲሚንቶ ሄደ። ባለቤቴ ይህን እንደ ክህደት ነበር የቆጠረው።

ሁለተኛዋ ሰው ሴት እንድትሆን ምክንያቱ እኔ ነኝ። ቤት ሆነን፣ «ያ ሁሉ አለት ሲፈለፈል ስብርባሪውን ማን አውጥቶ ደፋው?» ብዬ ጠየቅሁት። የያዘውን መሮ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ቅርጫቱን አምጪው እስቲ» አለኝ። ካህኑ ግን ይህንንም አልወደዱትም። እኛ ዘንድ ሥዕል እንጂ የቆመ ምስል አልተለመደም፤ ተሳላሚው መጥቶ ይሳለመዋል ብለው ፈሩ። ባለቤቴ፣ «ቅርጫት የተሸከመች ሴት ማን ይሳለማል አባ?» አላቸው። በዚሁ ተፈቀደ።

ትልቁ ቀይ ድንጋይ መጥቶ አደባባዩ መሐል ቆመ፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረ። እሱ ከላይ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያኖቹም የተጀመሩት ከጣሪያቸው ነው፤ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለውም ነበር። ወንዱ ግማሽ ሰውነቱ በሚጠርበው አለት ውስጥ ስለሚቀር ቶሎ አለቀ። ሴቲቱ ፊቷ ወጣ፣ ትከሻዋ ወጣ፣ ቅርጫቱ ከነገመዱ ወጣ፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ደረሰ። ባለቤቴ ግራኝ ስለነበር የመሮው ምልክት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ነፋስ እንደነካው ገብስ። ከጉልበቷ በታች ያልተነካ ድንጋይ ነበር፤ በላዩ ላይ ሁለት የከሰል መስመር።

የለቅሶውን ነገር ብዙ አላስታውስም። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። በዚያ ሰሞን ለሁሉም እሺ እል ነበር። ብዪ ሲሉኝ እሺ፣ ተኚ ሲሉኝ እሺ። የሥራ ኮቱን ሳጥብ ከውኃው ሥር ቀይ አቧራ ዘቀጠ። ውኃውን ደፋሁት። ኮቱን አሰጣሁት። ከዚያ በኋላ ደፍ ላይ ተቀምጬ እንደነበር ጎረቤቶቼ ነገሩኝ።

አርባው ካለፈ በኋላ የኮሚቴው ሰብሳቢ ቤቴ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ።

«ገና ደረሰ፤ ያ ሁሉ ተሳላሚ በዚያ በኩል ነው የሚገባው። እንደዚያ ቆሞ ማየቱ ለሱም ክብር አይሆንም። የታችኛውን በሲሚንቶ አስለስነን፣ ቀይ ቀለም ቀብተን እናስመርቀው ብለናል።»

«እሺ» አልሁት።

ግንበኛው እንዲሠራው ተስማምተዋል። እሺ አልሁ።

ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በአደባባዩ በኩል ነው። እዚያ በቆርቆሮው አጥር በር ላይ የሚለምኑ አሮጊት መነኩሲት ነበሩ። ማቄን ሲያዩ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ የጎደለውን መላእክት ይጨርሱታል» አሉኝ። አላመንሁም። ግን በማግስቱ በቆርቆሮው ክፍተት አጮልቄ አየሁ። በሦስተኛውም ቀን አየሁ። ከዚያ በኋላ ሳላይ ያለፍሁበት ጠዋት የለም። ድንጋዩ እንደነበረ ነው። ከሰሉ ግን በጤዛው እየደበዘዘ ሄደ፤ አንዱ መስመር ጫፉ ጠፋ።

አንድ ጠዋት ሲሚንቶ በከረጢት ተደርድሮ አገኘሁ። የአጥሩን ዘበኛ ጠየቅሁት።

«ነገ ይለሰናል እትዬ» አለኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት።»

ቆምሁ። ነገ ሁለቱ መስመሮች ከሲሚንቶው ሥር ሊገቡ ነው። እነሱ እሱ በመጨረሻ የሠራቸው ናቸው፤ የተሰመሩትም እኔን አይቶ ነው። ይህን ያሰብሁት ያለ እንባ ነው፤ የጠፋ ቁልፍ የት እንዳለ ትዝ እንደሚል ዓይነት። ደወሉ ሲደወል ሰማሁት። ወደ ክፍሌ አልሄድሁም። መምህርት ከሆንሁ እንደዚያ ያደረግሁት የመጀመሪያዬ ነበር።

ግንበኛው አዲስ በሚሠራ ሆቴል መሰላል ላይ ቆሞ ብሎኬት ይደረድር ነበር። ሲያየኝ ደንግጦ ወረደ።

«እታለም፣ ምነው በደኅና?»

«ሲሚንቶውን ተወው። በድንጋይ ጨርሰው።»

እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። «እኔ ድንጋይ ከተውሁ ስንት ዘመኔ። በኔ እጅ ይበላሻል።»

«ይበላሽ።»

«ሰው ይስቃል።»

«ይሳቅ። ድንጋይ ይሁን እንጂ።»

«ይኸ ሰውዬ!» አለ ግንበኛው፣ ወደ ሰማይ አይቶ። «በቁሙ ሲሰድበኝ ኖሮ፣ ሞቶም ሊያስቅብኝ ነው!» ከዚያ ዓይኑን በክንዱ አሸ፤ አቧራ ነው አለ። «እግሩ እንዴት እንዲሆን እንዳሰበ ወረቀት አለሽ?» አለኝ።

«ወረቀት የለም። የቆምሁለት እኔ ነኝ።»

ግንበኛው ሰብሳቢውን፣ ሲሚንቶ በዚህ ድንጋይ ላይ አይይዝም ብሎ ዋሸው። ለገና አደርሳለሁ ብሎም ማለ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቅርጫቱን ይዤ ሄድሁ። ግንበኛው እስከ አፉ ሞላው። ግማሽ ነው የነበረው አላልሁትም። ጀርባዬ ላይ ሲጭነው፣ «ከበደሽ?» አለኝ። አልከበደኝም። በዚያ ጊዜ የሚከብደኝ ነገር አልነበረም። ግራ እግሬን ወደ ፊት አድርጌ ክብደቱን በቀኙ ላይ ጣልሁ። ግንበኛው ጎንበስ ሊል ሲል ዘበኛው ቆሞ እንደሚያይ አስተዋለ።

«አንተ ምን ትገተራለህ? እዚህ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ውጭውን ጠብቅ!»

ዘበኛው ወጣ። ግንበኛው የማቅሽን ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ ለማለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ከፍ አደረግሁለት። አንድ ጊዜ አየና ወደ ድንጋዩ ዞረ። በከሰሉ መስመር ላይ በመሮ ጀመረ። የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ድምፁን አወቅሁት፤ የቤቴ ድምፅ ነው። ቅርጫቱን እስኪያወርድልኝ ድረስ አልተነቃነቅሁም።

እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ብዙ ቀን እንዲህ ቆምሁ። አንዳንድ ቀን ሥራው ሲጠምበት ባለቤቴን ይሳደባል፣ «ስምህ ይጥፋ፣ እዚህ ጋ ምን አስበህ ነው?» እያለ። ደስ አይለኝም፣ አይከፋኝም። ዝም ብዬ እቆማለሁ።

ቆርቆሮው ተነሳ። ሴቲቱ እስከ ጉልበቷ ድረስ የሱ ናት፤ ምልክቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ከጉልበቷ በታች ምልክቱ ቀጥ ይላል፤ መጋጠሚያው ከሩቅ ይታያል። እግሮቿ ትልልቅ ናቸው። ጣቶቿ ሁሉ እኩል ሆነዋል፤ አውራ ጣቷ ከትንሿ አይለይም። ሰው አየ። የሳቀም ነበር።

ተሳላሚው በእግሩ ከየአገሩ መጥቶ በዚያ በኩል ሲገባ፣ ብዙዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የደረሱ መሰላቸው። ጫማቸውን አወለቁ። ሴቶቹ እልል አሉ። እየተሰለፉ የሴቲቱን እግር ሳሙ። ካህኑ በበትራቸው መንገድ እያሳዩ፣ «ተዉ ልጆቼ፣ ይህ ሐውልት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ነው» ይላሉ፤ ማን ይሰማቸዋል። ወደኛ ዞረው፣ «አላልኋችሁም?» አሉ።

ግንበኛው አጠገቤ ቆሞ ነበር። «አባ፣ እሺ ይሳሙ፣ ግን ያችን እግር? እሱ የሠራው ያ የመሰለ ፊት እያለ?»

«ፊቷ ዘንድ አይደርሱማ፣ ልጄ» አሉት ካህኑ።

ግንበኛው ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየ። ከዚያ ቀን በኋላ ሲሚንቶውን ባይተውም ድንጋይ መጥረብ ደግሞ ጀመረ። መጀመሪያ የሠራው የባለቤቴን የመቃብር ድንጋይ ነው። ፊደሉን እኔ በወረቀት በትልቁ ጻፍሁለት፤ እሱም ማንበብ አይችልም። ሳስረክበው ምን እንደሚል ጠየቀኝ፤ አነበብሁለት።

ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አሁንም በአደባባዩ በኩል ነው የማልፈው። ማጮለቅ ትቻለሁ፤ ቆርቆሮም የለም። እግሮቿ ከተሳላሚው ከንፈርና እጅ ብዛት ጠቁረዋል፤ ከጉልበቷ በላይ ያለው አሁንም ቀይ ነው። ሥራው የማን እንደሆነ እንግዶች ሲጠይቁኝ የሁለት ሰው ነው እላለሁ።

አሁን ከክፍል ስመለስ ለመቃብር ድንጋይ ፊደል እጽፋለሁ፤ ግንበኛው ይቀርጻል።