የክርስትና እናቴ ሐሙስ

እዚህ ንፋስ መውጫ ቢሮዬ መጥተው አንድ ሽማግሌ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀት ላይ ሲጫኑ፣ የቀለሙ ሽታ ገና አፍንጫዬ ሲደርስ ፊቴን አዞራለሁ። ለምን እንደሆነ ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ ላንተ ልንገርህ።

ወገዳ አሥረኛ ክፍል ስማር ነው፤ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ቤት ገብቻለሁ። ክረምቱ ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ወንዛችን ቀጥኖ ድንጋዩ ብቻ ያንጸባርቅ ነበር። ሁሉም ከአንድ ቦይ ስለሚያጠጣ ጎረቤት ከጎረቤት ዱላ መማዘዝ ጀመረ። በመጨረሻ ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ "የእያንዳንዱ ሰው ቀን ይጻፍ፤ የተጻፈ አይካድም" አሉ። ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ።

ሊፈረም በዋዜማው አባቴ ወደ ጠወለገው የድንች ማሳው ወሰደኝ።

"ሐሙስን በእኔ ስም አድርጊው።"

ሐሙስ የክርስትና እናቴ ቀን ነበር። ባላቸው ሞተው ብቻቸውን የቀሩ፣ በቦዩ ጫፍ ነጭ ሽንኩርት የሚያለሙ ሴት ናቸው።

"እሳቸውስ?"

"እሷን ቅዳሜ ላይ ጻፊያት፤ ለአንድ አፍ ቅዳሜ የሚተርፈው ውሃ ይበቃታል። ያንቺ ትምህርት የሚወጣው ከዚህ ድንች ነው።"

ጻፍኩት። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ሰው በተራ እየመጣ ፈረመ። የክርስትና እናቴ ጎንበስ አሉና፣ "አንብቢልኝ" አሉኝ። ወረቀቱ ቅዳሜ ይላል። እኔ "ሐሙስ" ብዬ አነበብኩ። "ተባረኪ" ብለው ጣታቸውን አሳረፉ።

ሐሙስ ደረሰ። እሳቸው በዶማ ቦዩን ከፈቱ፤ አባቴ ዘጋው። ሰው ተሰበሰበ። የውሃ አባቱ ወረቀቱን አውጥተው፣ "እመት፣ ያንቺ ቅዳሜ ነው፤ ጣትሽም አርፎበታል" አሉ። የክርስትና እናቴ ዘወር ብለው አዩኝ፤ ረጅም አተያይ። አሁን ይናገራሉ አልኩ በልቤ።

"እንግዲያስ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አሉና ዶማቸውን ተሸክመው ሄዱ።

ሽንኩርቱ በሦስት ሳምንት ቢጫ ሆኖ ቀረ። በዓመቱ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው እስቴ የሚኖር ልጃቸው ዘንድ ገቡ።

አምና ነው ደፍሬ የሄድኩት። አልጋ ላይ ነበሩ። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ፣ "ያኔ 'ሐሙስ ብላ አንብባልኛለች' ለምን አላሉም?" አልኳቸው።

"ታዲያ ባገር ፊት ውሸታም ትባይ? ገና ያላገባሽ ልጅ!" አሉ፤ ነገሩ ግልጽ የሆነ ያህል። ከዚያ በእጃቸው ጉንጬን ዳሰሱ። "ከስተሻል። ምሳ በልተሻል?"

ምሳ አስቀረቡልኝና እስክጨርስ ድረስ በእጃቸው አጎረሱኝ። በሁዳዴ አረፉ። መርዶው ሲደርሰኝ ከተቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነበር።