በሰው ቲተር

ነርስ ሆና ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ነው የቀራት። እስካሁን ደመወዝ የሚባል ነገር እጇ ገብቶ አያውቅም። ሥራ ፈት ናት እንዳይባል ደግሞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆማ ነው የምትውለው። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሃያ አራት አልጋ ሁሉ ያውቃታል። ቁስል የምታጥበው እሷ፣ ግሉኮስ የምትሰቅለው እሷ፣ ሽንት የምትለካው እሷ፣ አስታማሚ ሲቆጣ የምትሰደበውም እሷ። በስሟ የሚጠራት ግን የለም። በበጎ ፈቃድ ስለምትሠራ አሳጥረው “በጎ” ይሏታል። “በጎ፣ ስምንት ቁጥር ግሉኮሱን ጨርሷል!” “በጎ፣ ጓንት አምጪ!” በጎ ወዲህ፣ በጎ ወዲያ፣ ቀኑ በዚሁ ያልቃል።

እንዴት እዚህ ደረሰች ያላችሁ እንደሆነ፣ ነገሩ የዶሮና የእንቁላል ነው። የተመረቀች ሰሞን ማመልከቻ ይዛ ያልረገጠችው ደጅ የለም። ሁሉም ጋ የተለጠፈው ማስታወቂያ አንድ ነው፤ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ። “ልምድ ያለ ሥራ ከየት ይመጣል?” ብላ የጠየቀቻቸው አንድ ጸሐፊ “እሱን እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ” ብለው መስኮቱን ዘጉባት። አይ ሰው! እናቷ ትምህርት ቤት ሲያጸዱ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሴት ናቸው፤ ይህን ሲሰሙ “እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልምድ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ማን ጠየቀኝ?” ብለው ያን ቀን እንኳ አስቀዋታል።

ከዚያ የውጭ አገሩ ወሬ መጣ። ነርስ የቸገረው አንድ አገር አለ፣ አዲስ ተመራቂም ይቀበላል ተባለ። የዚያን አገር የነርሶች ምዝገባ ቦርድ ዝርዝር ቁጭ ብላ አነበበችው። ዲግሪ፣ እሺ። የቋንቋ ፈተና፣ እሺ። ከታች በኩል፣ ከምረቃ በኋላ አንድ ዓመት በሙያው የሠራ። እዚያም ያው ልምድ ጠበቃት። ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ ደመወዝ የተከፈለው አይልም፣ የሠራ ነው የሚለው። በማግስቱ ሆስፒታሉ ሄዳ በነፃ ልሥራ አለች። በነፃ ልሥራ ያለን ሰው ማን ይመልሳል? በዚያኑ ቀን ጋዋን አስለብሰው አስገቧት።

አሥራ አራት ወር ሠራች። ቋንቋውን ከሥራ ስትመለስ አጥንታ አለፈች። ቦርዱም ዲግሪዋን መርምሮ ተቀበለና ፋይል ከፈተላት፤ የሚቀርሽ የሥራ ማስረጃው ነው፣ ከሠራሽበት ቦታ በቀጥታ ይላክልን፣ ፋይልሽ ለአሥራ ስምንት ወር ክፍት ይቆያል ብሎ ጻፈላት። እናቷ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። ጎረቤት ሁሉ “መቼ ነው የምትሄጂው?” እያለ በመንገድ ያስቆማት ጀመር።

ቅጹን ይዛ የሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮ የገባችው ሰኞ ጠዋት ነው። ኃላፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አነበቡት፤ ከዚያ ዓይናቸው ላይ አውርደው ደግመው አነበቡት።

“ልጄ፣ ይሄ እኮ ‘ከመዝገብ ተረጋግጦ’ ነው የሚለው።”

“አዎ ጋሼ።”

“አንቺ ደግሞ ፋይል የለሽም። የተቀጠረ ሰው ነው ፋይል ያለው።”

“በየቀኑ ነው የምገባው ጋሼ። ክፍሉን በሙሉ ይጠይቁ።”

“እሱን አላጣሁትም። እኔስ በኮሪደር ስትሮጪ አይሽ የለ? ግን ዓይኔን ፎቶ ኮፒ አድርጌ አልልክላቸው። ስምሽና ፊርማሽ ያለበት የሥራ ወረቀት አምጪ፣ እጽፍልሻለሁ።” ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አምና ያለ ማስረጃ አንድ ደብዳቤ ፈርመው ሦስት ጊዜ ኮሚቴ ፊት ቆመዋል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ስምና ፊርማ ከየት ታመጣለች? የክፍሉን ደንብ ታውቃለቻ! ያልተቀጠረ ሰው በበሽተኛ ካርድ ላይ መፈረም አይችልም። ለሃያ አራት አልጋ ደግሞ በአንድ ተራ ያሉት ተቀጣሪ ነርሶች ሁለት ናቸው። ስለዚህ መላ ተፈጥሯል። ነርሶቹ እያንዳንዳቸው ስማቸው የተቀረጸባት ቲተር አለቻቸው፤ ያቺን ትንሽ ማኅተም ለበጎ ፈቃደኛዋ ይተዉላታል። እሷ መድኃኒቱን ትሰጣለች፣ ሰዓቱን ትጽፋለች፣ በሰው ቲተር ትመታለች። የሷ ባለቲተር ቶሎቶሎ የምትባለው ነርስ ናት። ስሟ የወጣላት ከፍጥነቷ ነው፤ መርፌ ወግታ ከጨረሰች በኋላ በሽተኛው “መቼ ነው የምትወጊኝ?” ብሎ የሚጠይቃት ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ቲተሯን በእጇ እያስጨበጠቻት አንድ ሕግ ነገረቻት፤ “ለሥራ የኔን ምቺ። ስትሳሳቺ ግን የራስሽን ስም ጻፊ፤ የኔን ቲተር እንዳትነኪ።” ያኔ ሁለቱም ስቀው ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ትልቋ ሲስተር፣ ይህን ሁሉ እያወቁ እንዳላየ ያልፉ ነበር። ነገሩን ስትነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ “ነይ፣ መዝገብ ቤት እንውረድ” አሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ ሃያ ስድስት ደረጃ እያቃሰቱ ወረዱላት።

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አቧራ ሲያገላብጡ ዋሉ። አሥራ አራት ወር የመድኃኒት ካርድ ምን ያህል እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ክምሩ ላይ ጽሑፏ አለ፤ ያቺ ወደ ግራ የምታዘነብል ሰባቷ፣ ያቺ ሳትዘጋ የምትተዋት ስድስቷ። ገጽ በገጽ፣ ቀን በቀን፣ የጠዋት ስድስት ሰው፣ የቀትር ዘጠኝ ሰው። ከያንዳንዷ መስመር ጎን ደግሞ ክብ ሰማያዊ ማኅተም፣ የቶሎቶሎ ስም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሷ ስም ከመድኃኒት ካርድ ላይ መዋል እንኳ አቃተው። በሁለተኛው ቀን ልቧ ተቆረጠ፤ ሆድ ባሳትና ካርዶቹ ላይ አልቅሳለች። ሲስተርም እንባዋ ካርዱን እንዳያበላሸው ከፊቷ ሳብ አደረጉት እንጂ አላጽናኗትም። ምን ብለው ያጽናኗት?

ቶሎቶሎም ሰማች። መጣችና በሩ ላይ ቆማ “አንድ የግል ክሊኒክ አውቃለሁ፤ ሁለት ዓመት ብለው ይጽፉልሻል” አለቻት።

“ሠርቼበት የማላውቀው?”

“የሠራሽበትማ ይኸው አልጽፍ አለሽ።”

ይቺ ነገር እውነት ናት፤ እውነት ስለሆነችም ነው አንጀቷን ያቃጠለችው። ቢሆንም እምቢ አለች። ጻድቅ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ቦርዱ ደውሎ እንደሚያጣራ ታውቃለች፣ ውሸት ደግሞ ማስታወስ ይፈልጋል፣ እሷ ለማስታወስም ደክሟታል። ቶሎቶሎ “ይቅርታ በጎ” አለችና ሄደች። በሽተኛ ይጠብቃት ነበር።

በሦስተኛው ቀን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አዘነችላቸው መሰለኝ፣ “የጥፋቱን ሣጥንስ አይታችኋል?” አለች። የስህተት ሪፖርት የሚከማችባት ካርቶን ጥግ ላይ ነበረች። ሲስተርና ልጅቷ ተያዩ። ሁለቱም ያን ቀን አስታወሱት።

በገባች በአምስተኛው ወር ነው። ጣሪያው አፍስሶ የጽዳት ሠራተኞቹ አልጋ ሲያቀያይሩ፣ የመድኃኒት ካርዶቹ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ቀሩ። እሷ ካርዱን ተከትላ ለአሥራ አንድ ቁጥር የታዘዘውን መርፌ ለሌላ ሰው ወጋች። ያወቀችው መርፌውን ስትነቅል ነው፤ ሰውየው “ለኔማ ዛሬ መርፌ የለኝም ብለውኝ ነበር” አለ። ማንም አላየም። ዝም ብትል ዝም ነበር። እሷ ግን በቀጥታ ሄዳ ለሲስተር ተናገረች፣ ሐኪም ጠራች፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ካጠገቡ ሳትነሳ የልብ ትርታውንና የደም ግፊቱን ስትለካ ዋለች። ማታ ሪፖርቱን ሞላች። “ስህተቱን የፈጸመው ባለሙያ” በሚለው ቦታ ላይ በቶሎቶሎ ሕግ መሠረት የራሷን ሙሉ ስም ጻፈች፣ “ነርስ” ብላ ጨመረች፣ ፈረመች።

ወረቀቷ ተገኘች። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ነርስ መሆኗን የሚናገር ብቸኛ ወረቀት እሷ ናት። እስቲ ፍረዱ!

ሲስተር ልጅቷን አስከትለው ሄደው ወረቀቱን የሰው ኃይል ኃላፊው ፊት አስቀመጡ። “ይኸው ስሟ። ይኸው ፊርማዋ። ይኸው ሙያዋ። ከስህተቱ በኋላ ምን እንዳደረገች ከታች ተጽፏል፣ ያንብቡት።”

ኃላፊው አነበቡ። ሁለቴ። “ሲስተር፣ እኔ የምጽፈው ወረቀቱ የሚለውን ነው። ወረቀቱ የሚለው ደግሞ የዚህን ቀን ነው።”

“የቀረውንስ? አራት መቶ ምናምን ቀን ነው እኮ!”

“የቀረው ቀን በስሟ የለም። በስሟ ያልዋለውን ከየት አመጣለሁ? ላም ባልዋለበት ኩበት አይለቀምም፤ ላሟ ውላለች ካሉኝም በሰው ግቢ ነው የዋለችው።”

ሲስተር ወደ ኃላፊው ሳይሆን ወደ ልጅቷ ዞረው “ጥፋቱ የኔ ነው” አሏት። “አሥራ አራት ወር ሙሉ አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ከነገ ጀምሮ በራስሽ ስም ትጽፊያለሽ፣ ከሥሩ እኔ እፈርምበታለሁ። ኮሚቴ የሚያቆሙኝ ከሆነም ያቁሙኝ፤ ጡረታ ልወጣ ምን ቀረኝ?” ኃላፊው ይህን እንዳልሰማ ሆነው የደብዳቤውን ቁጥር መጻፍ ቀጠሉ።

ቤቷ ስትደርስ ጀምበር አልጠለቀችም። እናቷ በር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይዘፈዝፋሉ። በእጇ ያለውን ፖስታ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

“ጻፉልሽ?”

“ጻፉልኝ።”

“እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ስንት ዓመት አሉ?”

“አንድ ቀን።”

“አታሹፊ።”

“አላሾፍኩም፣ እማ። አንድ ቀን።”

አጠገባቸው መሬቱ ላይ ዘጭ አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ማኅተሙን፣ ካርዶቹን፣ ካርቶኗን። የመርፌውን ነገር ለእናቷ ነግራ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ቤት ገብታ ራሴን አሞኛል ብላ ነው የተኛችው። አሁን ሳትደብቅ፣ ምንም ሳታሳምር ነገረቻቸው፤ ለማሳመር የሚሆን ጉልበት አልነበራትም።

እናቷ ከሳፋው ቀና ብለው “ሰውየው ዳነ?” አሉ።

ልጅቷ ደነገጠች። ያቺ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ይህን የጠየቃት አልነበረም።

“ዳነ። በሳምንቱ በእግሩ ወጣ።”

“ተመስገን። እንግዲያ ደህና ቀን ነው የጻፉልሽ።” እግራቸውን አውጥተው አደረቁና ሳፋውን ወደሷ ገፉላት። “ሦስት መቶ ስልሳ አራት ይቀርሻል ማለት ነው። በይ ጫማሽን አውልቂ፣ ውሃው ገና ሙቅ ነው።”