ለታንኳዬ የገዛሁት ጋራንቲ

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ከሕይወት ጋር ላፕቶፕ ልንገዛ ወጣን። ሕይወት ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። የመረጠችው ትምህርት ያለ ኮምፒውተር የሚሞከር አይደለም። እኔና እናቷ ለዚህች አንዲት ዕቃ ብለን ዕቁብ ስንጥል ከርመናል። ብትበላሽ የምትተካ ሌላ የለችም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሻጩ ረጋ ያለ ወጣት ነው። «አባባ፣ የአንድ ዓመት ጋራንቲ አብሮት አለ» አለኝ። «ትንሽ ጨመር ቢያደርጉ ደግሞ ሦስት ዓመት ይሆንልዎታል። ከዚያ በኋላ ሐሳብ የለም፤ ተረጋግቶ መተኛት ነው።»

እሱ «ትንሽ» ያላት ለቤታችን የወር አስቤዛ ነች። ይበልጥ የከነከነኝ ግን መተኛት ያላት ነገር ነበረች። እንዲህ ተረጋግቼ የተኛሁበትን ዘመን አስታወሰኝ። «አስበን እንመለሳለን» ብዬው ሕይወትን ይዤ ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ወርደን ጥብስ ዓሣ አዘዝን። ዝናቡ ካቆመ ገና ሳምንቱ ነው፤ ጣና ደፍርሶ ሻይ በወተት መስሏል። ዓሣው እስኪመጣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር ለልጄ ነገርኋት።

የተወለድሁት ከሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ ነው። የዘጌ ሰው በሬ ጠምዶ አያርስም፤ ከጥንት የመጣ ሥርዓት ነው። የሚኖረው ከጫካው በሚያገኘው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። እህል የሚሸምተው ይህን ባሕር ዳር ወስዶ ሸጦ ነው። በእኔ ልጅነት መንገዳችን ሐይቁ ነበር፤ መኪናችንም ታንኳ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲሞት ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በተውሶ መጽሐፍ ራሴን እያስተማርሁ ስምንተኛ ክፍል ደረስሁ። ሚኒስትሪን በግል ለመፈተን ባሕር ዳር ሄጄ መመዝገብ ነበረብኝ። የመመዝገቢያውን ገንዘብ የማገኘው ጌሾ ሸጬ ነው፤ ጌሾውን የሚያሻግረው ደግሞ ታንኳ ነው። ስለዚህ ታንኳ ያስፈልገኝ ነበር።

ታንኳ የሚሠሩልን አያ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ታንኳ የሚሠራው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ደንገል ሲደርቅ እንደ ላባ ይቀልላል፤ ውኃ ካገኘ ግን ሳይጠግብ ይጠጣል። በሁለት ጆንያ ሎሚ ተስማማን።

«በአግባቡ ከያዝኸው አራት ወር ያገለግልሃል» አሉኝ። «አንድ ጆንያ ሎሚ ጨምርልኝ ካልህ ደግሞ እስከ ፋሲካ እኔ አለሁ። ገመዱ ቢላላ አጠብቃለሁ፤ ደንገሉ ቢቀደድ እለውጣለሁ።»

ደስ እያለኝ ጨመርሁ። የማይጠግኑት ነገር ይኖር እንደሆን መጠየቅ አልመጣልኝም። ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

በእኛ አገር ከሐይቅ የተመለሰ ሰው ምንም ቢደክመው ታንኳውን ጎትቶ ያወጣል፤ ዛፍ ላይ አስደግፎ ያቆመዋል፤ ውኃው ሲንጠፈጠፍ አድሮ ፀሐይ ያገኘዋል። ውኃ የጠጣ ታንኳ ከባድ ነው፤ ትከሻ ይልጣል። እኔ ያን ማድረግ ተውሁ። ውኃው ላይ እንዳለ ከጉቶ አሥሬው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ቢበላሽ የሚጠግን ሰው ገዝቻለሁና!

ድረስ የሚባል ባልንጀራ ነበረኝ። አንድ ጠዋት አየኝና፣ «ኧረ ይህ ታንኳ ሲጠጣ ነው እንዴ የሚያድረው? የሚንገዳገደው እኮ ወዶ አይደለም!» አለኝ።

«አንተ ምን ቸገረህ? ሎሚዬን ከፍያለሁ።»

«ሎሚህ ዋና ይችላል?»

አብረውን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ ተቆጣሁ፤ ታንኳዬን ግን አላወጣሁም። ሰነፍ ሰው ሲስቁበት ይባስ ይሰንፋል።

በኅዳር የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ዓርብ ሆነ። ማለዳ ጌሾዬን ጭኜ ተነሣሁ። እናቴ በኑግ የተቀባ ቂጣ ቋጥራልኛለች። ጉሙ ውኃው ላይ ተኝቷል። እኩለ መንገድ ላይ ስደርስ እግሬን ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል። ታንኳው አልተሰበረም፤ አልተፈታም። እንደ ረጠበ ጋቢ ከብዶ ወደ ታች እየሄደ ነበር።

አንዱን ነዶ ጌሾ ጣልሁ። ትንሽ ከፍ አለ፤ መልሶ ወረደ። ሁለተኛውን ጣልሁ። እንዲህ እያልሁ የመመዝገቢያዬን በገዛ እጄ ሐይቅ ውስጥ ጨረስሁት። ጉልበቴ ድረስ ውኃ ውስጥ ሆኜ እየቀዘፍሁ ከአንድ የደንገል ጥሻ ገባሁ። ከዚያ በእግሬ ባሕር ዳር ስደርስ ጸሐፊው በሩን እየቆለፈ ነበር። ባዶ እጄንና ጭቃዬን አየ። «የዛሬ ዓመት ና» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰዓቱ ነው ያለቀው።

ለእናቴ ማዕበል ነው ብዬ ዋሸኋት። እሷም እስክትሞት ማዕበል እንደሆነ ስታምን ኖረች።

በማግስቱ ታንኳዬን ከጥሻው በሰው ታንኳ አስጎትቼ ወደ ዘጌ መለስሁት። በሦስተኛው ቀን አያ ሰይድ ቤት እየጮህሁ ሄድሁ። «እጠግናለሁ ብለው አልነበረም? ሎሚዬን ወስደው አልነበረም?» አልኋቸው። ታንኳው ወዳለበት አብረውኝ ወረዱ። እጄን ይዘው ደንገሉን አስጨመቁኝ፤ ውኃው በክርኔ ወረደ።

«ገመዱን ንካው። ላላ?»

«አልላላም።»

«ደንገሉስ፣ የተቀደደ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ ምኑን ልጠግንልህ? እኔ ኃላፊነት የገባሁት ለእጄ ሥራ ነው። ያንተን እንቅልፍ የምጠግንበት መሣሪያ የለኝም።»

ላለቅስ ስል ዞር አሉና፣ «ሎሚህን ግን በልቻለሁ» አሉኝ። «ነገ ማጭድ ይዘህ ና።»

ጥገናው ይህ ነበር። ደረቴ ድረስ ውኃ ገብቼ ደንገል አጨድሁ፤ አሰጣሁ፤ እያገላበጥሁ አደረቅሁ። ገመድ በእግር ረግጦ በወገብ መሳብ ተማርሁ። የመጀመሪያውን አሥሬ ሳሳያቸው በአንድ እጃቸው ፈቱት። «ይህን የምታሳፍረው ጠላትህን ነው?» አሉኝ። ሁለተኛውንም ፈቱት። ሦስተኛውን ዞር ዞር ብለው አዩና ዝም አሉ። አያ ሰይድ ዝም ካሉ አመሰገኑ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በገዛ እጄ በሠራሁት አዲስ ታንኳ ተሻግሬ ተመዘገብሁ፤ ተፈተንሁ፤ አለፍሁ። የሄደውን ዓመት ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ዓሣው ቀርቦ ነበር፤ ሳንነካው በረደ። ብዙ ዓመት አያ ሰይድ አታለሉኝም፣ ሎሚው በከንቱ ሄደም ለማለት ሳልችል ቆይቻለሁ። አሁን ሳስበው ሎሚ መጨመሬ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቴ በሎሚው ስንፍናን የገዛሁ መስሎኝ መኖሬ ነው። ይህን ለሕይወት ስነግራት ምክር ልጨምርበት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ።

«ታዲያ ጋራንቲውን እንግዛ ወይስ አንግዛ?»

«የምትይዢው አንቺ ነሽ» አልኋት። «ጠይቂና አንቺ ወስኚ።»

ተመልሰን ሄድን። ሕይወት ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ሻጩን መጠየቅ ጀመረች። ባትሪውን ይጨምራል? አይጨምርም። ውኃ ቢፈስበት? ቢወድቅ? አይጨምርም። የሚጠገነው የት ነው? አዲስ አበባ ይላካል። ስንት ጊዜ ይቆያል? ወጣቱ እውነተኛ ልጅ ነው፤ ራሱን አከከና «እውነቱን ልንገርሽ፣ ወርም ሁለት ወርም ሊቆይ ይችላል» አላት።

«በመሀሉ ፈተና ቢደርስብኝስ?»

ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ። ሕይወት ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ አልፈልገውም። የአንድ ዓመቱ ይበቃኛል። የዚህን ገንዘብ ግን እማዬ ለብቻው ታስቀምጥልኝ። የተበላሸ ቀን እዚሁ አሠራበታለሁ።»

«ካልተበላሸስ?»

«ካልተበላሸ ላንተ ጫማ እገዛበታለሁ። ይህ ያደረግኸው እኮ ያሳፍራል!»

ሻጩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልክ ትወስን ትሳሳት አላውቅም። የዛሬ ሁለት ዓመት ላፕቶፗ ብትቃጠል ምናለ በገዛን እንል ይሆናል። ነገ የሚሆነውን አስቀድሞ የሚነግር ወረቀት የለም። በዕድሜዋ ሳለሁ ያልጠየቅሁትን ግን ልጄ ስትጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወደ ቤታችን ወደ ዓባይ ማዶ በባጃጅ ተሳፈርን። መንገዱ ጉድጓድ ይበዛዋል። ሕይወት የላፕቶፗን ካርቶን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ነበር። ባጃጁ ጉድጓድ ሊገባ ሲል ሁሉ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ካርቶኑን በሁለት እጇ ከጉልበቷ ከፍ ታደርገዋለች፤ ስናልፍ ቀስ ብላ ትመልሰዋለች። እስከ ቤታችን እንዲሁ ስታደርግ ሄደች። እኔ ዕድሜ ልኬን ምክር የማላጣ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን መንገዱን ሙሉ አንድም ቃል አልተናገርሁም።