አባዬ ስቱዲዮ ውስጥ ዝም ያለ ቀን

ወረታ ውስጥ አሁን ባጃጅ ተሳፍራችሁ የኛን አልበም ሳትሰሙ መውረድ ይከብዳል። ሾፌሮቹ የሚያስጮኹት ግን አንዱን ዘፈን ነው፤ አባዬ ያለበትን። ሰውም ያገኘኝ ቦታ ሁሉ "እንዴት አሰባችሁት?" ይለኛል። ኧረ ማን አሰበው! ተጣልተን፣ ተኳርፈን፣ እኔ ስጮህ ወንድሞቼ ሲለምኑኝ የወጣ ዘፈን ነው።

መጀመሪያ ማን ማን እንደሆንን ልናገር። ታላቅ ወንድሜ ኪቦርድ ይጫወታል፣ ታናሹ ድራም ይመታል፣ ቤዝ ጊታሩ የኔ፣ የመካከለኛዋ እህታቸው ነው። አባዬ አዝማሪ ነው። ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ከይፋግ እስከ አንበሳሜ ያልዞረበት ገበያ የለም። ሦስታችንንም ቅኝት ያስያዘን እሱ ነው፤ ፊደል ሳንለይ በፊት ባቲን ከአንቺሆዬ እንለይ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ሲማር ፈንክ የሚባለውን ሙዚቃ ይዞ መጣ፤ ቤዙ ከፊት የሚሄድበት፣ ድራሙ እየቆረጠ የሚመታበት፣ ሰው ሳያስበው ትከሻው ብቻውን የሚነሣበት። ስሰማው "ይሄማ እስክስታ ነው፣ ጂንስ ለብሶ መጣ እንጂ!" አልሁ። ከዚያ ወዲህ ጊታሬን አላስቀመጥሁም። ጥር ሲመጣ ጄኔሬተር በጋሪ አስጭነን፣ ሩዙ ከታጨደበት ማሳ ላይ በተተከለ ድንኳን ሰርግ እንጫወታለን።

አልበሙን ያሠራልን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ ወረታ የከተመ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። አንድ ሰርግ ላይ ሰምቶን "ወጪው በኔ፣ እናንተ ብቻ አስጨፍሩ" አለን። እሰይ አልን። ጭቅጭቁ የመጣው ዘፈን ስንመርጥ ነው። እሱ የሚፈልገው አዲስ አበባም የሚደመጥ፣ ወጣቱ ስልክ እያየ የሚደንስበት፣ አጠር ፈጠን ያለ ነገር ነው። "ማሲንቆ ለትዝታ ጥሩ ነው፣ ለገበያ ግን አይሆንም" ይላል። ታላቅ ወንድሜ በልቡ ከሱ ጋር ነበር። ታናሹ እንደ ልማዱ ለሁላችንም እሺ ይላል። እኔ ቶሎ የሚነደኝ ሰው ነኝ፤ "አባዬ የሌለበት አልበም ላይ የኔ ቤዝ አይኖርም" ብዬ ቁርጡን ነገርኋቸው። ፈንኩን ከሰው ነው የወሰድነው፤ ሌላው ሁሉ የሱ ነው። እሱን ደጅ አስቀምጦ የቤተሰብ ባንድ ብሎ ነገር ምን ማለት ነው? ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አንድ ዘፈን ተፈቀደልኝ፤ እሱም ቀረጻው ካማረ።

መንገዱ ክፍት የሆነ ዕለት ጠብቀን በነጋዴው መኪና ባሕር ዳር ወረድን። አባዬ የበዓል ኮቱን ለብሷል፤ ማሲንቆውን ሌላ ሰው እንዲይዝለት እንኳ አልፈቀደም። ስቱዲዮው ውስጥ በመስታወት የታጠረች ጠባብ ክፍል አለች፤ እሷ ውስጥ አስገቡትና ጆሮው ላይ ማዳመጫ አደረጉለት። እኛ ከመስታወቱ ወዲህ ሆነን መታን። ወይ ጉድ፣ እንዴት እንደገባ! አባዬ ማሲንቆውን ከኔ ቤዝ በላይ አስኬደው፣ ከዚያ አንድ ግጥም በዚያ ሻካራ ድምፁ ለቀቀ። ነጋዴው እንኳ ጭንቅላቱን መነቅነቅ ጀመረ።

ከዚያ ዝም አለ። ማሲንቆው ይሄዳል፣ ድምፁ የለም። በመስታወቱ ያየናል። እኛ እንመታለን፣ እሱ ያየናል። ድምፅ የሚቀርጸው ሳውንድማን በማዳመጫው "አባባ፣ ይቀጥሉ" አለው። አባዬ ራሱን ነቀነቀና ያንኑ ግጥም ደግሞ ዘፈነው፤ አሁንም ቆመ። እንደገና ጀመርን፣ እንደገና እዚያው ላይ ቆመ። ላብ ግንባሩ ላይ ታየኝ። ነጋዴው ወደ ታላቅ ወንድሜ ጠጋ ብሎ "ረስተውታል። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ፤ አንተ ዝፈነውና ይለቅ" አለ። ማይኩ ክፍት ነበር። አባዬ ማዳመጫውን አወለቀ፤ ማሲንቆውን ቀስ ብሎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተና ወጥቶ መኪናው ውስጥ ከኋላዬ ተቀመጠ። ወረታ እስክንገባ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልተነፈስሁም፤ አፌን ብከፍት የምሳደብ መስሎኝ።

በማግሥቱ ጧት ደጅ ተቀምጦ የማሲንቆውን ጭራ ሙጫ ሲያስነካ አገኘሁት። ሳላድበሰብስ አፈረጥሁት፤ "አባዬ፣ ግጥሙ ጠፋህ?"

ቀና ብሎ አየኝ። "ማን ሰጠኝና ይጠፋኛል?" አለ።

"እንዴት ማን ሰጠኝ?"

"ስጠብቅ አልነበር! አንዱን ከራሴ አወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰጥ ሰው የለም። ያ ጆሮዬ ላይ ያደረጋችሁት ነገር፣ ግጥም የሚሰጠኝ በሱ ነው ብዬ እየጠበቅሁ፣ እሱ ደግሞ 'ይቀጥሉ' ይለኛል። ምኑን ነው የምቀጥለው?"

በስመ አብ! መሬት ላይ ዝርግት ብዬ ተቀመጥሁና ሳቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ተቆረጠ። አዝማሪ ቤት ሰው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም እንደሚሰጥ ማን ያጣዋል? አባዬ ግን ከዚያ ሌላ አዘፋፈን እንደማያውቅ ልብ አላልነውም፤ እሱ ጫፉን ይጀምራል እንጂ ዘፈኑ የሰሚው ነው። የአባታችንን ሥራ አይተነው አናውቅም። ቤት ውስጥ ለኛ ይጫወታል፤ ሰው የሚጠጣበት ቤት ሲጫወት ግን እግራችን እንዳይደርስ ከልክሎናል። ምክንያቱን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

"ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገርህም?" አልሁት።

"መሣሪያው የናንተ ነው። እናንተ ዝም ስትሉ እኔ ምን አውቄ ልናገር?" አለና ወደ ሙጫው ተመለሰ። ቀና ሳይል "ወንድምሽ ይዝፈነው፣ ልጄ፤ እሱም ደህና ድምፅ አለው" አለኝ። እንዲህ ሲል ድምፁ እንዳነሰ ሰማሁ። ሞቼ ነው ቆሜ! ያኔውኑ ተነሣሁ።

ነጋዴውን ሱቁ ድረስ ሄጄ ያዝሁት። አንድ ቀረጻ ብቻ ጠየቅሁ። "እህቴ፣ አየነው እኮ፣ አልሆነም" አለኝ። "ካልሆነ ቤዙን አንተ ምታው" አልሁት። ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም። እየገዙ የነበሩ ሹፌሮች ዘወር ብለው ሲያዩን ሣቁን ተወና "ክፉ ነሽ አንቺ፤ አንድ ጊዜ ብቻ!" ብሎ እጁን አነሣ።

ቀጥሎ ግጥም ሰጪ ፍለጋ ነው። ገበያ ቀን ይፋግ ሄድሁ። እዚያ አንድ ሸማኔ አለ፤ የአባዬ የልብ ወዳጅ፣ አባዬ በተጫወተበት ሁሉ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው ጥርስ በሌለው አፉ ሣቀ። "አንቺ የአዝማሪ ልጅ፣ ለአባትሽ ከኔ ሌላ ማን ይሰጠዋል? ግን ጠላ ከሌለ ግጥም አይወጣኝም፣ እወቂው" አለኝ። "ጠላ እይዛለሁ፣ እርስዎ ብቻ ይምጡልኝ" አልሁት። የሸመነውን አዲስ ጋቢ ለብሶ መጣ።

ሁለቱን ሽማግሌዎች እዚያች መስታወት ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት አስቀመጥናቸው። ሳውንድማኑ ጠላውን አይቶ "ኧረ ማይኩ ላይ እንዳይፈስ!" እያለ ይጨነቃል። መታን። አባዬ ጫፉን ለቀቀ። ሸማኔው "ተቀበል!" አለ። አባዬ "እሺ ጌታዬ!" ሲል ድምፁ ሰውነቴን ወረረኝ። ስለ ርብ ውሃ ሰጠው፣ ተቀበለ። ስለ ሜዳው ከብት፣ ስለ አንዲት ጎራዳ ሴት ሰጠው፣ ተቀበለ። አባዬ ወጣት ሆኖ ቁጭ አለ። ታናሽ ወንድሜ ድራሙን እየመታ ያለቅሳል ይሥቃል። ታላቁም ኪቦርዱን በአንድ እጁ እየነካ በሌላው ጉልበቱን ይመታል። አልሁ አይደል! እያልሁ ነበር በልቤ።

ከዚያ ሸማኔው ጠላውን ጎንጨት አደረገና እንዲህ ሰጠው፤

"ሩዝ የዘራ አጨደ፣ ላም ያለው አለበ፤
አዝማሪ ቀን ከሌት ሲጮህ ውሎ ተራበ።"

እጄ ክሩ ላይ ቀረ። አባዬ ግን "እሺ ጌታዬ!" አለና ተቀበለው። ሳይቆጣ፣ ሳያለሳልስ፣ እያንዳንዱን ቃል እያኘከ ዘፈነው። መልሶ ዘፈነው። ሦስተኛ ሲያነሣው ያለ እኔ ወንድሞቼ ብቻ ሙዚቃውን ያስኬዱለት ነበር።

ማሲንቆው ሲያርፍ ነጋዴው ከወንበሩ ዘለለ። "ይሄ ነው! ይሄ ይሸጣል! መጀመሪያ ላይ የሚገባው ይሄ ነው!" እያለ ይንጎራደዳል።

"የአባቴን ውርደት ነው የምትሸጠው?" ጮህሁበት። "አጥፋው!" አልሁት ሳውንድማኑን። "ያቺን ግጥም አጥፋት፣ ሌላው ይበቃናል።"

"እንዴ፣ ዘፈኑን ካላስገባችሁ ብለሽ ሱቄ መጥተሽ ያስጨነቅሽኝ አንቺ አይደለሽ?" አለኝ ነጋዴው። እውነቱን ነበር፤ እሱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ሸማኔው ደንግጦ ወጣ። "ልጄ፣ እኔ የፈጠርሁት አይደለም" አለኝ። "ድሮ ይፋግ ላይ አንድ ባለ ብዙ ከብት ነው የሰጠው፤ በገበያ ቀን፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ሳለ። ሁሉ ሣቀበት። አባትሽ ሲዘፍነው ግን ሣቁ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ሲዘፍን አልሰማሁትም፤ ብሰጠው ብዬ ነው።"

ያኔ ገባኝ። ለምን እንደከለከለን፣ ደጃፉን እንኳ እንዳንረግጥ ለምን እንደሚቆጣ ገባኝ። ሰው የሰጠውን ሁሉ መቀበል አለበት፤ በራሱ ላይ የተገጠመውንም። ያንን እንድናይ አልፈለገም። እኔ ደግሞ ጎትቼ አምጥቼ፣ በልጆቹ ፊት፣ በማይክ አዘፈንሁት። ንዴትም ነው ሐዘንም ነው፣ እንባዬ መጣ። "አጥፋው አልሁህ እኮ!" አልሁት ሳውንድማኑን ደግሜ። ታላቅ ወንድሜም ለመጀመሪያ ጊዜ "ልክ ናት፣ ይጥፋ" አለ።

አባዬ ከመስታወቱ ክፍል ወጣ። ማሲንቆው እጁ ላይ ነው። ሁላችንንም አየና እኔ ፊት መጥቶ ቆመ።

"ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺ?" አለኝ።

"ሰድበውህ እኮ ነው አባዬ! ይህን ባጃጅ ሁሉ ሲያስጮኸው ልስማ?"

"የሰጡኝ ቀን እናትሽ አራስ ነበረች" አለ። ድምፁን አላነሣም። "አንቺን ወልዳ ተኝታ። ቤት ውስጥ ዱቄት የሚባል የለም። ግጥሙን ሲሰጠኝ ማሲንቆዬን ይዤ ልወጣ አሰብሁ፤ እግሬ እስከ በሩ ደርሶ ነበር። ተመለስሁና ዘፈንሁት። እንዲህ አድርጌ ዘፈንሁት። ሰውየው ራሱ አቀረቀረ። የዚያን ቀን ዱቄትም ቅቤም ይዤ ገባሁ፤ እናትሽ በላች፣ አንቺ ጠባሽ።" ማሲንቆውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። "ሲሰጠኝ ውርደት ነበር። ከዘፈንሁት በኋላ ግን የኔ ነው። እናንተ በልታችሁ ያደጋችሁበትን አንቺ ምን አግብቶሽ ታጠፊዋለሽ?"

ነጋዴው መሬት መሬት ያይ ነበር። ሳውንድማኑ ጉሮሮውን ጠረገና በቀስታ "ድምፃቸው ንጹሕ ነው፤ የጎደለው ግጥሙ ላይ ያንቺ ቤዝ ብቻ ነው፤ መምታት አቁመሽ ስለነበር" አለኝ።

ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁ። አባዬ ከፊቴ አልሄደም፤ ምን እንደማደርግ እያየ ቆሟል። ጊታሬን አነሣሁ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁና ሳውንድማኑን አየሁት።

"ከ'አዝማሪ ቀን ከሌት' ጀምርልኝ" አልሁት።