ይማርሽ ከደሴ ያመጣችው ላፕቶፕ

ላሊበላ ላይ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጫማ መሸጫ ጎን፣ ይማርሽ ተክለ ሚካኤል የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበራት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ኮፒ ታደርጋለች፣ ለሰርገኞች የጥሪ ካርድ ታዘጋጃለች። አባቷ ቄስ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ እናቷንና ታናሽ ወንድሟን ኪዳንን የምትደግፈው በዚህችው በአንዲት ክፍል ሥራ ነበር።

ኪዳን አስጎብኚ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ለሰፈሩ ቡድን በግራ ተከላካይነት ይጫወታል። ሃያ አምስት ዓመት በሞላው ዓመት እንግዶች ይዞ ወደ አሸተን ማርያም ሲወጣ መሀል ዳገት ላይ ትንፋሽ አጠረው። ደግፈው ያወረዱት እንግዶቹ ናቸው። ሐኪሙ በልጅነቱ ያመመው ጉሮሮ ልቡን እንደጎዳው ነገረው። በየወሩ መርፌ እንዲወጋ፣ ዳገት እንዳይወጣ፣ ኳስ እንዳይነካ አዘዘው። ለቀዶ ሕክምናም አዲስ አበባ ተመዝግቦ ወረፋ ያዘ። ላሊበላ ላይ ዳገት ሳይወጡ መኖር ምን ማለት እንደሆነ አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ውሎው የእህቱ ሱቅ ሆነ። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ የሰርግ ፎቶ ያስተካክላል። የነበራቸው ግን አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የተጻፈው ይጠፋል፣ ደንበኛም ተነሥቶ ይሄዳል። በ2007 መጀመሪያ ለይማርሽ ዕቁብ ሲደርሳት ላፕቶፕ ለመግዛት ተስማሙ።

መምረጡን ኪዳን ያዘው። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲነቃቃ አይታው አታውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልኩ ሲያነብ፣ ላፕቶፕ ያለውን ሁሉ ሲጠይቅ ከረመ። ከደብተር በገነጠለው ወረቀት ላይ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ሃርድ ዲስኩን ጻፈና ግራፊክስ ካርድ የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

«ራም በኋላ ይጨመራል፤ ሃርድ ዲስክም ይቀየራል» አላት። «ግራፊክሱ ግን ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ዛሬ ያልገዛነውን ነገ አንጨምረውም።»

ለፎቶና ለቪዲዮ ሥራም እንደሚጠቅም አስረዳት። እውነቱን ነበር። እሷ ግን ሌላውንም ታውቃለች። አንድ ጓደኛው ቤት የእግር ኳስ ጌም አይቶ ነበር፤ ተጫዋቹን ራስህ ትፈጥረዋለህ፣ ስሙንም ቁጥሩንም ራስህ ትሰጠዋለህ። ኪዳን ስለዚያ ሲያወራ እጁን እያወናጨፈ ነበር።

መንገዱ ስለሚከብደው ደሴ የሄደችው ብቻዋን ነው። ሻጩ አድማሴ የሚባል ትሑት ሰው ነበር፤ ወረቀቱን አንብቦ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች አወጣላት። አንደኛው ልክ ኪዳን እንደጻፈው ነው፤ ግራፊክስ ካርድ አለው። ባትሪው ግን ደክሟል፤ ከመብራት ሲነቀል ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። ሁለተኛው ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ቀላል ነው፣ ባትሪው አምስት ሰዓት ይሠራል። ለመጀመሪያው አዲስ ባትሪ ልጨምር ብትል የያዘችው አይበቃም።

አድማሴ አልዋሻትም። ለጌም ከሆነ የመጀመሪያውን፣ ለጽሕፈት ከሆነ ሁለተኛውን እንድትወስድ መከራት።

ስልኳን አወጣች። የኪዳንን ቁጥር እያየች ቆማ ቆየች። ‹ያንን ግዢልኝ› ቢላት መከልከሉን ፈራችው፤ ‹ተዪው› ቢላት ደግሞ ድምፁን መስማቱን። ሳትደውል ስልኩን መለሰችና ሁለተኛውን ገዛች።

ቤት ስትገባ «ያልከው ተሽጦ ደረስኩ» አለችው።

ላፕቶፑን አገላብጦ አየው። «ይሁን፣ ይሄም ጥሩ ነው» አለ።

ሥራው ተቃና። መብራት ሲጠፋ ትጽፋለች፣ ሲመጣ ታትማለች። ጌሙን ጓደኛው ጫነለት፤ ግን እየተንተባተበ አላስኬድ አለው። ኪዳን የሚቀነሰውን ሁሉ ቀነሰ። ሣሩ ድፍን አረንጓዴ ሆነ፣ ተመልካቹ ጠፋ፣ የተጫዋቾቹ ፊት ዓይን አልነበረውም። የራሱ ተጫዋች ጀርባ ላይ የጻፈው ስም አይነበብም። እንደዚያም ሆኖ ደንበኛ በሌለ ጊዜ ጥግ ተቀምጦ ይጫወት ነበር። ይማርሽ ወደዚያ ላለማየት ወረቀት ታስተካክላለች።

ሰኔ ላይ እግሩ አበጠ። ተጋድሞ መተንፈስ አቃተው። ወረፋው ባይደርስም ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ ተላከ። ይዞት የሚሄደው አጎታቸው ወልደ ኪዳን ነው፤ እሷ ሱቁን ከዘጋች የሕክምናውን ገንዘብ የሚልክ የለም።

በሚሄድበት ጧት መኪናውን ሱቋ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ አላስችል አላት።

«ኪዳን፣ ያ ላፕቶፕ ተሽጦ አልነበረም። እኔ ነኝ ትቼው የመጣሁ።»

«አውቃለሁ፣ እታለም» አላት። «ጌሙ እንዴት እንደሚፈጥን ልጠይቅ ብዬ ደረሰኙ ላይ ባለው ቁጥር ሻጩ ጋ ደውዬ ነበር። እሱ ነገረኝ።»

«መቼ?»

«በመጣሽ በሳምንቱ።»

ስምንት ወር አልፎታል። ለምን ዝም እንዳላት ጠየቀችው።

«ምን ልበልሽ? እኔም ብሆን ይሄንኑ ያመጣሽውን ነበር የምገዛው» አለ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቀችው። «ደውለሽ ብትጠይቂኝ ግን ‹ተዪው› እልሽ ነበር። ተውኩልሽ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ከታመምኩ ወዲህ ለሰው የምሰጠው ነገር አጥቼ ነው የኖርኩ።»

ይቅር እንዲላት ለመነችው። ከልቡ ይቅር እንዳላት ነገራትና እጇን ያዘ። ወዲያው መኪናው መጣ።

በዘጠነኛው ቀን አዲስ አበባ ላይ አረፈ። አስከሬኑን አጎቱ ይዞት ተመለሰ፤ ከአባቱ ጎን ተቀበረ።

ይማርሽ ለሁለት ሳምንት ሱቋን ዘግታ ከረመች። በከፈተችበት ቀን መጀመሪያ የመጡት ከሙጃ በኩል አራጋው የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ሰውነት ለሚባለው ልጃቸው መሬት ለማውረስ ለወረዳው ማመልከቻ ያጽፋሉ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። አትማ ሰጠቻቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና መርቀዋት ወጡ።

ፋይሉን ልትዘጋ ስትል ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ዓይኗን ያዘው። በሦስት ቦታ ‹ልጄ ሰውነት› በሚባልበት ‹ልጄ ኪዳን› ብላ ጽፋለች።

እየሮጠች መናኸሪያው አጠገብ ደረሰችባቸው።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሏት።

«እርስዎ አላጠፉም አባባ፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩ። የልጅዎን ስም አበላሽቻለሁ።»

አብረዋት ተመለሱ። ስታስተካክል ኪዳን የተባለው ማን እንደሆነ ጠየቋት። ነገረቻቸው። ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የሙጃው መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ አልተነሡም።

«እግዜር ያጥናሽ። አልቅሺ፣ እኔ አልቸኩልም» አሏት።

ይማርሽም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አቶ አራጋው መኪናው ሄዶባቸው እዚያው ዋሉ።