ከጫካ ነው ያልኩት አይጥ

መቼ እንደነበር ልኩን አላስታውስም። ቡናው መቅላት እንደጀመረ፣ ዝናቡም እንዳላባራ ግን አውቃለሁ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይጥ የሚያጠምድላት ሰው ስትፈልግ ወደ መንደራችን መጥታ እኔን አገኘች። ጎረቤቶቼ፣ «ቡና መልቀም ሰለቸህና አይጥ መልቀም ያዝክ?» እያሉ ሳቁብኝ።

ወጥመዱን ግማሹን ጫካ ውስጥ፣ ግማሹን ከወንዙ ማዶ ቡናው ውስጥ አጠምዳለሁ። የተያዘችውን በጨርቅ ከረጢት ከትቼ ቴፒ ከተማ፣ ወደምትሠራበት ክፍል እወስድላታለሁ። ለዓይን ሁሉም አንድ ናቸው። እሷ ግን ከመቅኒያቸው ወስዳ በማይክሮስኮፕ ታያለች።

«አባባ፣ ውስጣቸው ክሮሞዞም የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች አሉ» አለችኝ። «የጫካዎቹና የቡናዎቹ አይጦች የክር ቁጥር ይለያያል። ድሮ አንድ ዘር ነበሩ፤ ከጊዜ ብዛት አንዳንዱ ክር ከሌላው ጋር እየተጣበቀ ተለያዩ።»

የመመረቂያ ጽሑፏ የትኛው ባሕርይ በየትኛው ክር ላይ እንዳለ፣ የትኛዋ አይጥም የት እንደምትኖር የሚያሳይ ካርታ ነበር።

እኔ መጻፍ ብዙም አልሆንልህ ስላለኝ ከረጢቱ ላይ የእንሰት ቃጫ አንጠልጥዬ እለየዋለሁ፤ ለጫካ አንድ ቋጠሮ፣ ለቡና ሁለት። አንድ ጠዋት ወንዙን ስሻገር አዳለጠኝ። አይጦቹ ተረፉ፤ የአንዷን ቃጫ ግን ውሃ ወሰደው። ከየት እንደያዝኳት ጠፋኝ። በግምት አንድ ቋጠሮ አሰርኩላት።

ከቀናት በኋላ ልጅቷ እየሮጠች መጣች።

«አባባ! የቡናው ዓይነት ጫካ ውስጥ ተገኘ! እስካሁን ማንም አላየውም!»

አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። እኔ የታየኝ ውሃ የወሰደው ቃጫ ነው።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልህ አለኝ። ባለቤቴ ስትጨቀጭቀኝ ነገርኳት።

«ዝም ብል ማን ያውቃል?» አልኩ።

«አንተ ታውቃለህ። የሰው ልጅ በውሸት ይመረቅ?»

«ታባርረኛለች።»

«ታባርርህ። ተነስ፣ ሸሚዝህን ልበስ።»

በሚኒባስ አብራኝ ቴፒ ወረደች። የልጅቷ ክፍል በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ፣ «ግባ እንጂ!» አለችኝ።

ሁሉንም ተናገርኩ። የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። ደብተሯን ገልጣ ያችን አይጥ ሰረዘቻት። ቆይታ፣ «እዚያው ቦታ እንደገና እናጥምድ፣ አባባ» አለችኝ።

ሳምንታት አጠመድን። የቡናው ዓይነት ጫካ ውስጥ አንድም አልተገኘም። ተመረቀች፤ ያ ግኝት ግን በጽሑፏ ውስጥ የለም።

ሰው ሐቀኛ ሽማግሌ ይለኛል። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ከዚያ በር ያስገባችኝ ባለቤቴ ናት።