ሦስት ጣት የነበረው ፈረስ

ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ወድቄ ክንዴን ራጅ አነሡኝ። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታነሣው ከክርኔ በላይ አንድ፣ ከክርኔ በታች ሁለት አጥንት ታየኝ። "ይሄንንማ ዱሮ አውቀዋለሁ" አልኳት። ከየት አላለችኝም፤ ጊዜ የላችሁም እናንተ የዛሬ ልጆች። አንቺ ግን፣ ልጄ፣ ተቀመጪና ስሚኝ።

ያኔ እኔ ልጅ ሆኜ ቤታችን እሪ በከንቱ ሰፈር ነበር። አባቴ ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ወደ አፋር በረሃ ወርዶ በንዳድ ሞተ። ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውት፣ ድንጋይ ካቡበትና መርዶውን ይዘው ተመለሱ። እናቴ ግን "አጥንቱ ለአገሩ አፈር ሳይበቃ አላለቅስም" ብላ ድርቅ አለች። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ከደጅ መለሰች፤ ማቅ አልለበሰችም፣ ፊቷን አልነጨችም። ሰፈሩ ያላላት የለም። እኔም አባቴን ያለቀስኩት ከጓሮ ተደብቄ ነው።

ከዓመታት በኋላ የነጋዴዎቹ አለቃ በዚያ ሲያልፍ ካቡን ፈልጎ አገኘው። ጎርፍ አፍርሶት ኖሮ፣ ቢቆፍር ቢቆፍር ያገኘው አንድ አጥንት ብቻ ነው። እሱኑ በአቡጀዲ ጠቅልሎ፣ እያለቀሰ፣ እናቴ እጅ ላይ አኖረው። ቡናማ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ አቡጀዲው የበቅሎ ላብ ይሸታል።

የንስሐ አባታችን ለፍትሐቱ ተጠርተው መጡ። አጥንቱን ገና ሲያነሡት ፊታቸው ተለወጠ።

"ልጄ፣ ይሄ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። የአውሬ ቢሆንስ? በአውሬ አጥንት ላይ ፍትሐት አላደርስም።"

"አባቴ፣ ባሌ ነው እኮ!"

"አጥንት የሚያውቅ ሰው ይየው" ብለው ሄዱ።

አራዳ ውስጥ አጥንት ያውቃል የሚባለው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ የሚኖር ፈረንጅ የፈረስ ሐኪም ነበር። የመኳንንቱን ፈረሶች ያክማል፣ አማርኛው ግን ራሱ ያነክሳል። ክፍሉ ቆዳና መድኃኒት ይሸታል፤ ጠረጴዛው ላይ የሞተ ፈረስ የፊት እግር አጥንት በተራ ተደርድሯል። የእኛን አጥንት በቢላ ጀርባ መታ ቢያደርገው እንደ ድንጋይ ጮኸ።

"የሰው አይደለም፣ እመቤቴ። ፈረስ ነው።"

እሱ አጥንቱን ከፈረሱ እግር አጠገብ አስተኛውና ድንገት ቀጥ አለ።

እኔን ጠርቶ ክንዴን እየዳሰሰ ከክርኔ በላይ አንድ፣ ከክርኔ በታች ሁለት አጥንት ቆጠረና የመሐል ጣቴን ያዘ። "ይሄ ያንቺ" አለ፤ ከዚያ የፈረሱን ሰኮና ነክቶ "ይሄም የሱ የመሐል ጣት።" ወይ ጉድ! ፈረስ ያን ሁሉ ግልቢያ የሚጋልበው በአንድ ጣቱ ቆሞ ነው ለካ! ከትልቁ አጥንት ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች እንደ ወስፌ ሾለው መሐል ላይ ይቀራሉ። "ጣት ነበሩ" አለ። የእኛን አጥንት ገለበጠው። በእሱ ላይ ሁለቱ ቀጫጭኖች እስከ ታች ወርደዋል፤ ጫፋቸውም ላይ ጣት የሚገጥምበት እንቡጥ የመሰለ መገጣጠሚያ አለ።

"ባለ ሦስት ጣት ፈረስ! እኔ በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው። ሰው ሳይኖር የሮጠ። ልጁ፣ የልጅ ልጁ፣ የዚያም ልጅ፣ ጣቱ እያነሰ እያነሰ... ጃንሜዳ የሚሮጠው ሆነ።"

ደጅ የታሰረችውን ባዝራ በመስኮቱ አየኋት፤ በቆዳዋ ሥር የተደበቁትን ጣቶች ያየሁ መሰለኝ፤ ፈራሁም፣ ዘመዴም መሰለችኝ። ዛሬም የጋሪ ፈረስ ካየሁ እግሩን ሳላይ አላልፍም፤ ባለጋሪው ያበድኩ ይመስለዋል።

"የኔ ባልስ?" አለች እናቴ።

ሐኪሙ በደስታው አፍሮ አቀረቀረ። እናቴ አጥንቱን በሁለት እጇ አነሣችና ያንን ትንሽ መገጣጠሚያ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ብዙ ዳሰሰችው።

"ጌታዬ፣ ይሄ የወጣው እሱ ካረፈበት አፈር ነው። ያ አፈር ይሄን እንስሳ ይህን ያህል ዘመን፣ የጣቱን ቦታ እንኳ ሳያጠፋ ከያዘው... የኔንም ይይዝልኛል?"

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት።

"ይይዛል፣ እመቤቴ።"

አጥንቱን ለእሱ ትታለት ወጣን። ጊዮርጊስ አጥር ሥር ስንደርስ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ መንገድ ዳር ቁጭ አለች፣ መንገደኛው ሁሉ እያያት አባቴን በስሙ እየጠራች አለቀሰች። እኔም ከአጠገቧ ተቀምጬ እንደ ልቤ አለቀስኩ።